የሶፕ ክላየንት ማስታወሻ፦ ኤክስኤምኤሉን ማን ይፍታልኝ?

ሳምንት 1፦ እጄ ላይ ያለው

ክላየንት የሚጻፍላቸው ሦስት የሶፕ (በኤክስኤምኤል መልእክት የሚነጋገሩ) ሰርቪሶች አሉ። ሰርቨሮቹ የኛ አይደሉም፣ ስለዚህ ስኪማ (የኤክስኤምኤሉን ቅርጽ የሚደነግገውን) ማስቀየር አይታሰብም። የተሰጠን ኦፕሬሽኖቹን የሚዘረዝረው የደብሊውኤስዲኤል ፋይልና ጥቂት የናሙና ምላሽ ነው፤ በቃ። ፕሮጀክቱ ጃቫ 17 ላይ ነው።

አንደኛው ሰርቪስ ትንሽና ጨዋ ነው። ዶክዩመንት/ሊተራል (መልእክቱ በስኪማው መሠረት እንዳለ የሚጻፍበት)፣ ጥቂት ኦፕሬሽኖች፣ የተስተካከለ ስኪማ። ሁለተኛው ግዙፍ ነው፤ አንዱ ኤክስኤስዲ (የስኪማ ፋይል) ሌላውን ኢምፖርት ያደርጋል፣ ያኛው ደግሞ ሌላ ይጠራል፣ ውስጡ ቾይስ በቾይስ ነው (ቾይስ ማለት ከተዘረዘሩት አንዱ ይምጣ ማለት ነው)። ሦስተኛው አርፒሲ/ኢንኮድድ የሚባለው የድሮ ዓይነት ነው። ይህን አሠራር የደብሊውኤስ-አይ (የኢንዱስትሪ ማኅበር) መመሪያ ቤዚክ ፕሮፋይል 1.0 እ.ኤ.አ. በ2004 ከልክሎታል። ሰርቨሩ ግን ወሬው የደረሰው አይመስልም።

ኤክስኤምኤሉን ወደ ጃቫ ኦብጀክት ለመቀየር (ዳታ ባይንዲንግ ይባላል) ዕጩ የሆኑት ላይብረሪዎች፦ ጃክስቢ፣ ኤክስኤምኤልቢንስ፣ የአክሲስ2 (የአፓቺ የሶፕ ላይብረሪ) ኤዲቢ፣ ጂቢኤክስ፣ ካስተር፣ ኤክስስትሪምና ጃክሰን።

አንዳንዶቹ ገና ሳይጀመር ወጡ። ኤክስስትሪምና ጃክሰን ከስኪማ አይነሱም። ክላሱን አንተ በእጅህ ጽፈህ ከኤክስኤምኤሉ ጋር ታዛምዳለህ። ስኪማ ለሌለው ትንሽ ፋይል ጃክሰን ይመቻል፤ የሁለተኛውን ሰርቪስ ክላሶች በእጅ እጽፋለሁ ማለት ግን ዕብደት ነው። ጂቢኤክስ ሐሳቡ ደስ ይላል፦ ማዛመጃው በተለየ ፋይል ይቀመጣል፣ ኮዱ ኮምፓይል ከሆነ በኋላ ባይትኮዱ ውስጥ ገብቶ ራሱን ይተክላል። ነገር ግን ባይትኮድ የሚነካካ መሣሪያ ከአዳዲስ የጃቫ ቨርዥኖች ጋር እኩል መራመድ አለበት፣ እዚህ ላይ ብዙ እንቅስቃሴ አላየሁበትም። ካስተር ላይም ብዙ እንቅስቃሴ አላየሁም። የቀሩት ጃክስቢ፣ ኤክስኤምኤልቢንስና ኤዲቢ ናቸው።

ስለ ፍጥነት ብዙ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ለዚህ ሥራ ፍጥነትን መስፈርት አላደረግኩትም። ጊዜው የሚበላው ሰርቨሩን በመጠበቅ ነው፤ ፓርሰሩ የሚቆጥባት ጥቂት ሚሊሰከንድ የትም አታደርስም። ማወቅ የፈለግኩት ሌላ ነው፦ የመጣው ምላሽ ከስኪማው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ላይብረሪው ይጮሃል ወይስ ዝም ይላል? ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ተረት ለፓርሰር አይሠራም።

ሳምንት 2፦ ጃክስቢ በትንሹ ሰርቪስ ላይ

መጀመሪያ የዲፔንደንሲ ጣጣ። ጃክስቢ ከጃቫ 6 ጀምሮ ጄዲኬው ውስጥ ነበር፤ ምንም ሳትጨምር ትጠቀማለህ። ጃቫ 9 ላይ ሊወገድ ነው የሚል ምልክት ተደረገበት፣ ጃቫ 11 ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ስለዚህ አሁን ራስህ ትጨምራለህ። ኤፒአዩን ብቻ ከጨመርክ ኮዱ በደንብ ኮምፓይል ይሆንና ራን ሲደረግ ኢምፕሌመንቴሽን አልተገኘም ብሎ ይወድቃል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፦ ኤፒአዩም ራንታይሙም።

ከዚያ የፓኬጅ ስም ጉዳይ። እስከ 2.3 ድረስ ስሙ በጃቫክስ ይጀምራል፣ ከ3.0 ወዲህ በጃካርታ። ሲኤክስኤፍ 3 (ሲኤክስኤፍ የሶፕ ጥሪውን የሚያካሂደው ላይብረሪ ነው) ከጃቫክስ ጋር ነው፣ ሲኤክስኤፍ 4 ከጃካርታ ጋር። ሁለቱ ሲደባለቁ የሚመጣው ኢረር በጣም ያሳስታል። ኮዱን ከፍተህ አኖቴሽኑ ክላሱ ራስ ላይ ተጽፎ ታየዋለህ፣ ራንታይሙ ግን ይህ ክላስ የሩት ኤለመንት አኖቴሽን የለውም ይላል። አለው፤ የሚያውቀው ዓይነት ግን አይደለም። እንዲህ ያለ ኢረር ሲመጣ ኮዱን ሳይሆን የኢምፖርት መስመሩን ማየት ነው። ሲኤክስኤፍ 4ን መርጬ ሁሉንም ጃካርታ አደረግኩት።

ኮድ ማመንጨቱ ቀላል ነበር። የሜቨን ፕለጊኑ ደብሊውኤስዲኤሉን አንብቦ ክላሶቹን ታርጌት ውስጥ ይጥላቸዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሚመነጨው የሰርቪስ ክላስ ውስጥ ደብሊውኤስዲኤሉ ያለበት አድራሻ ይጻፋል፤ ካልነገሩት ቢልድ የተደረገበትን ማሽን የፋይል መንገድ እንዳለ ይገለብጠዋል። እኔ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ ሲወጣ ፋይሉ የታለ ይላል። የደብሊውኤስዲኤል ሎኬሽን የሚለውን ኦፕሽን ወደ ክላስፓዝ ማስጠቆም ይበቃል። ደብሊውኤስዲኤሉንም ከሰርቨሩ በቀጥታ ከማንበብ ኮፒውን ሪፖ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ያለዚያ የነሱ ሰርቨር ሲተኛ የኛ ቢልድ አብሮ ይተኛል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። ከናሙና ምላሾቹ አንዱን ወስጄ ሦስት ዓይነት የተበላሸ ኮፒ አወጣሁለት። በአንዱ ላይ ግዴታ የሆነውን ኳንቲቲ የሚለውን ኤለመንት አጠፋሁ። በሌላው ላይ ስኪማው የማያውቀው ኤለመንት ጨመርኩ። በሦስተኛው ላይ በቁጥሩ ቦታ ፊደል አስገባሁ።

ጃክስቢን ብቻውን፣ ያለ ሲኤክስኤፍ፣ ስሞክረው ሦስቱንም ተቀበለ! ኳንቲቲ በስኪማው ግዴታ ስለሆነ የጃክስቢ ክላስ ማመንጫ ኤክስጄሲ በጃቫው ኢንት (ነል መሆን የማይችል) አድርጎታል እንጂ ኢንቲጀር አላደረገውም። ኤለመንቱ ሲጠፋ ፊልዱ 0 ሆኖ ይቀራል። ዜሮ ማለት ደግሞ ሕጋዊ መልስ ነው፤ ዕቃው አልቋል ማለት ነው። ያልታወቀውን ኤለመንት ወረወረው። ፊደሉንም አላነበበውም፣ አሁንም 0። ሎጉ ላይ ምንም የለም። የውስጦቹን ኤለመንቶች ኔምስፔስ (ስሞቹ የማን እንደሆኑ የሚለይ ጽሑፍ) በአንድ ፊደል ባበላሸው ደግሞ ኦብጀክቱ ይመጣል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ያንኑ በሲኤክስኤፍ በኩል ሳሳልፈው ጠባዩ ተለወጠ። ሲኤክስኤፍ ጃክስቢው ላይ የራሱን የቫሊዴሽን ሃንድለር ይሰካበታል፣ ስለዚህ የማያውቀው ኤለመንት ሲመጣ ያልተጠበቀ ኤለመንት ብሎ ጥሪውን በሙሉ ይጥላል። ፊደሉንም ያዘው። የጠፋውን ኳንቲቲ ግን አሁንም በ0 አሳለፈው። እሱን ለመያዝ የስኪማ ቫሊዴሽን መክፈት ያስፈልጋል፤ ሲከፈት ሦስቱንም ይይዛል።

ይህ ልዩነት ብዙ ቦታ ሲጻፍ አላየሁም፣ ግን ለምርጫው ከሁሉም በላይ ይህ ነው የሚወስነው። ዳታ ባይንዲንጉ ያው ጃክስቢ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ስታክ ግን ከቸልተኛ ወደ ጨቅጫቃ ይለውጠዋል። ጨቅጫቃነቱም ዋጋ አለው፦ ሰርቨሩ ነገ አንድ የማያስፈልገን ፊልድ ቢጨምር ክላየንታችን ሌሊት ላይ ይቆማል።

ሳምንት 3፦ ግዙፉ ስኪማ

ኤክስጄሲ በመጀመሪያው ሩጫ እንቢ አለ። ኦብጀክት ፋክተሪ ውስጥ ሁለት ዲክላሬሽኖች ተጋጩ የሚል ኢረር፣ ደጋግሞ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ በፊደል ትልቅና ትንሽ ወይም በሰረዝ ብቻ የሚለያዩ ስሞች ወደ ጃቫ ሲመጡ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። የግጭት ስሞችን በራሱ የሚፈታ ኦፕሽን አለ፤ ግን የሚሰጠው ስም ቁጥር የተቀጠለበት ነው፣ በሚቀጥለው ስኪማ ቁጥሩ ሊቀያየር ይችላል። ስለዚህ የባይንዲንግ ፋይል ጻፍኩ። በኤክስፓዝ እያንዳንዱን ኤለመንት ጠቁሞ ስም መስጠት አሰልቺ ነው፣ አንዴ ከተሠራ ግን ይቆያል። ለየኔምስፔሱም የተለያየ ፓኬጅ ሰጠሁ፣ ግማሹ ግጭት በዚያው ሄደ።

ከዚያ ቾይሱ። አንዴ ብቻ የሚመጣ ቾይስ ከሆነ ጃክስቢ ለእያንዳንዱ አማራጭ ፊልድ ይሰጣል፣ ሁለቱንም ብትሞላ የሚከለክልህ የለም። ተደጋጋሚ ቾይስ ሲሆን ግን ሁሉንም በአንድ ሊስት ያጭቃቸዋል፤ የሜተዱም ስም ጌት-ይህ-ወይም-ያ-ወይም-ያኛው ዓይነት ይሆናል። ሊስቱ የኦብጀክት ሊስት ስለሆነ እያንዳንዱን ምን ዓይነት ነህ እያልክ ትጠይቃለህ። ከሱም የባሰ አለ። አንድ የኤለመንት ስም በአንድ ታይፕ ውስጥ ሁለት ቦታ ከመጣ ኤክስጄሲ ተስፋ ይቆርጥና ሁሉን ያዥ የሆነ ኮንቴንት የሚባል አንድ ሊስት ብቻ ይሰጣል፣ ለምን እንዳደረገውም ኮመንት ላይ ያስረዳል። ማስረዳቱ ጨዋነት ነው፣ ግን በዚያ ክላስ ምንም መሥራት አይቻልም።

ቀጥሎ የነል ጉዳይ። ስኪማው ላይ ኤለመንቱ ሊቀርም ሊመጣም የሚችል፣ ደግሞም ኒለብል (ኒል፣ ማለትም ባዶ ነው፣ ተብሎ ሊላክ የሚችል) ከሆነ ጃክስቢ ስትሪንጉን በጃክስቢኤለመንት ጠቅልሎ ይሰጣል። ኮዱ ያስጠላል። ማመንጫው ላይ ይህን የሚያጠፋ ሴቲንግ አለ፣ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ያጠፉታል፣ ክላሱም ያምራል። ግን ምን እንደሚጠፋ ተመልከቱ። በዚህ ሰርቪስ አፕዴት ኦፕሬሽን ላይ ኤለመንቱን አለመላክ ማለት እንዳለ ተወው ነው፤ ኒል አድርጎ መላክ ማለት ደምስሰው ነው። ጠቅላዩ ሲነሳ ሁለቱ በጃቫ አንድ ነል ይሆናሉ፣ እና የስልክ ቁጥሬን አጥፉልኝ ያለውን ደንበኛ እንዳለ ተዉት ካለው መለየት አይቻልም። መፍትሔው፦ በአጠቃላይ አጠፋሁት፣ አፕዴት ለሚያደርጉት ፊልዶች ብቻ በባይንዲንግ ፋይሉ መልሼ ከፈትኩት።

የቀን ነገር ደግሞ አለ። ጃክስቢ ለዴት የሚሰጠው ኤክስኤምኤልግሪጎሪያንካሌንደር ነው። ማንም አይወደውም። አዳፕተር ጽፎ ወደ ሎካልዴት መቀየር የተለመደ ነው፣ ችግሩ የኤክስኤምኤል ዴት የሰዓት ዞን ሊለጠፍበት መቻሉ ነው። ሰርቨሩ 2024-03-01+02:00 ብሎ ይልካል። ሎካልዴት እንዲያው ፓርስ ሲባል በመጨረሻዋ ቁራጭ ይወድቃል። ወደ ኢንስታንት ከቀየርከው ደግሞ የባሰ ነው፤ በዩቲሲ ሲታይ 2024-02-29 22:00 ይሆናል፣ የልደት ቀን በአንድ ቀን ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። አይኤስኦ ዴት የሚለው ፎርማተር ዞኑ ቢኖርም ባይኖርም ያነባል፣ ቀኑንም አይነካም። አዳፕተሩ አንድ መስመር ነው።

ሳምንት 4፦ ኤክስኤምኤልቢንስ

ታሪኩ ራሱ ድራማ ነው። ከቢኢኤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ አፓቺ መጣ፣ በ2014 ወደ አቲክ ማለትም ወደ ጡረታ ሄደ፣ በ2018 ደግሞ የፖይ ፕሮጀክት ሰዎች አወጡት። የኦፊስ ፋይሎችን የሚያነበው ፖይ በዚሁ ላይ ስለቆመ ቶሎ የሚሞት አይመስልም።

አሠራሩ ከጃክስቢ ይለያል። ጃክስቢ ኤክስኤምኤሉን ወደ ጃቫ ኦብጀክት ቀይሮ ዋናውን ይጥለዋል። ኤክስኤምኤልቢንስ ዋናውን ይዞ ይቆያል፣ የጃቫው ክላስ መስኮት ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም አይጠፋም፦ የማያውቀው ኤለመንትም፣ ቅደም ተከተሉም። አለ ወይ ብለህ በኢዝሴት፣ ኒል ነው ወይ ብለህ በኢዝኒል ትጠይቃለህ፤ ከላይ ያለቀስኩበት የአፕዴት ጉዳይ እዚህ ጥያቄም አይሆንም። ለተደጋጋሚው ቾይስ ከርሰር ይዘህ በመጣበት ቅደም ተከተል ትሄዳለህ።

ሦስቱን የተበላሹ ኮፒዎች ሰጠሁት። የተጨመረውን ኤለመንት ሳይናገር ያዘው። ፊደሉን ሲያነብ አልጮኸም፣ ቫልዩውን ስጠይቀው ግን ኤክሴፕሽን ወረወረ። የጠፋው ኳንቲቲ አሁንም 0። ቫሊዴት የሚለውን ስጠራ ግን ሦስቱንም ከነቦታቸው ዘረዘረልኝ፣ ያውም ጥሪውን ሳይጥል። ይህ ደስ ይላል፤ መቼ እንደምቆጣ የምወስነው እኔ ነኝ።

ወጪው ብዙ ነው። ከክላሶቹ ጋር የስኪማውን መረጃ የያዙ ብዙ ትንንሽ ኤክስኤስቢ ፋይሎች ይወለዳሉ፣ እነሱ ጃሩ ውስጥ ካልገቡ ምንም አይሠራም። ለእያንዳንዱ ታይፕ ኢንተርፌስና ኢምፕሌመንቴሽን ስለሚወጣ ጃሩ ያብጣል። ኤክስኤምኤሉ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚቀመጥ ትልቅ ምላሽ ላይ ይከብዳል። ከሶፕ ስታኩ ጋር ማጋባቱም በእጅ ነው፦ ዲስፓች (ጥሬ መልእክት መላኪያ) ተጠቅሜ የቦዲውን ይዘት እንደ ሶርስ እልካለሁ፣ የመጣውን ለኤክስኤምኤልቢንስ እሰጠዋለሁ። ኮዱ ብዙ አይደለም፣ ግን በደብሊውኤስዲኤሉ የተጻፈውን ኦፕሬሽን እንደ ተራ ሜተድ የመጥራት ምቾት ይቀራል።

በዚያው ሳምንት፦ ኤዲቢ

አክሲስ2 ዝም ካልከው የሚጠቀመው እሱን ነው። አጭር ነው የምለው። ኦፕሽን ካልሰጠኸው ስታቡንና ታይፖቹን በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይከታቸዋል፣ የግዙፉ ሰርቪስ ፋይል ኤዲተሩን አንገዳገደው። የሚነጣጥል ኦፕሽን አለው። ከተበላሹት ኮፒዎች ውስጥ የተጨመረው ኤለመንት ላይ ያልተጠበቀ ሰብኤለመንት ብሎ ይወድቃል። የጠፋው ላይም ይወድቃል፣ ግን የሚከስሰው ያልጠፋውንና ቀጥሎ የመጣውን ነው። ጥብቅነቱን አልጠላሁትም። የማላላበት መንገድ አለማግኘቴ ነው የጣለው።

ሳምንት 5፦ አሮጌው

አርፒሲ/ኢንኮድድ ለጃክስ-ደብሊውኤስ (የጃቫ የሶፕ ስታንዳርድ) መሣሪያዎች ከነጭራሹ አይነሳም፤ አይደገፍም ይሉና ይወጣሉ። የሚደግፈው አክሲስ 1.4 ነው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006። ለአንድ ሰርቪስ ብሎ ያን ያህል ያረጀ ላይብረሪ ፕሮዳክሽን ውስጥ ማስገባት አልተዋጠልኝም።

የምንጠራቸው ኦፕሬሽኖች ጥቂት ስለሆኑ ጥያቄውን በስታክስ (የጃቫ ኤክስኤምኤል ማንበቢያና መጻፊያ) በእጅ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ፓራሜትር ላይ የታይፕ አትሪቢዩት ይለጠፋል፣ ያ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ምላሹ ነው። ኦብጀክቱ ያለበት ቦታ ላይ ይዘቱ የለም፤ ኤችሬፍ የሚል ማጣቀሻ ብቻ አለ፣ እውነተኛው ይዘት ከታች መልቲሬፍ ተብሎ በአይዲ ተቀምጧል። አንዱ መልቲሬፍ ሌላውን ሊጠራ ይችላል። ከስኪማ ተነስቶ ዛፍ የሚያነብ ባይንዲንግ ይህን አይፈታም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር አይዲ ያላቸውን በማፕ እሰበስባለሁ፣ በሁለተኛው ማጣቀሻውን እየተከተልኩ እሞላለሁ።

በእጅ ሲነበብ ዲቲዲውን (ኤክስኤምኤሉ ውስጥ ሊጻፍ የሚችል የድሮ ዓይነት የቅርጽ መግለጫ) መዝጋት መርሳት የለም። የሶፕ 1.1 ጽሑፍ ራሱ መልእክት ውስጥ ዲቲዲ አይኑር ይላል፣ ስለዚህ ስታክሱ ላይ ዲቲዲ ድጋፉን ማጥፋት የሚጎዳው ነገር የለም። የውጭ ኤንቲቲ ጥቃትን ግን ይዘጋል።

ሳምንት 6፦ ውሳኔው

ትንሹ ሰርቪስ፦ ሲኤክስኤፍ 4 ከጃክስቢ ጋር። ግዙፉም ያው፣ ሁሉን ያዥ ሊስት የሆኑት ኦፕሬሽኖች ሲቀሩ፤ እነሱ በዲስፓችና በኤክስኤምኤልቢንስ። አሮጌው በእጅ። ሁለት ባይንዲንግ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ መኖሩ አያስደስትም፣ አንድ ሰው ሊጠይቀኝ እንደሚችልም አውቃለሁ። መልሴ ያ የኮንቴንት ሊስት ነው፤ ከፍቶ ይየው።

የመነጩት ክላሶች በተለየ ሞጁል ናቸው፣ ከዚያ አይወጡም። የቀረው ፕሮግራም የሚያየው የራሳችንን ክላሶች ነው። የግዴታ ፊልዶች ፍተሻም ያለው እዚያው ድንበሩ ላይ ነው። ለኳንቲቲ ባይንዲንጉን ኢንቲጀር እንዲያደርገው አስገደድኩት፤ አሁን ሲጠፋ ነል ይሆናል፣ ነል ሲሆን ኮዳችን በግልጽ ይወድቃል። 0 ማለት አሁን 0 ነው።

የሲኤክስኤፍን ሃንድለር ፕሮዳክሽን ላይ አጠፋሁት፣ ማለትም አዲስ ኤለመንት ቢመጣ አይቆምም። ዋጋው የፊደሏ ጉዳይ ነው፤ በቁጥር ቦታ ፊደል ከመጣ አሁን ነል ይሆናል፣ ግዴታ ፊልድ ከሆነ ድንበሩ ላይ ይያዛል፣ ግዴታ ካልሆነ ያልፋል። በምትኩ ቴስቱ ላይ ሙሉ የስኪማ ቫሊዴሽን ከፈትኩ፣ ቴስቱ ሌሊት ሌሊት የነሱን የሙከራ ሰርቨር ይጠራል። ለውጥ ካለ ጠዋት ሜይል ላይ አገኘዋለሁ።

በእጅ ለጻፍኳቸው ክፍሎች፦ ጃክስቢኮንቴክስት ሲፈጠር ክላሶቹን በሙሉ ስለሚያጠና ውድ ነው፣ አንዴ ፈጥሮ ለሁሉም ማጋራት፤ ለትሬድ ደህና ነው። ማርሻለሩና አንማርሻለሩ ግን ለትሬድ ደህና አይደሉም፣ በየጥሪው አዲስ።

ሳምንት 7

ከግዙፉ ሰርቪስ አዲስ ደብሊውኤስዲኤል መጣ። ሁለት አዲስ ኤለመንቶች፣ አንድ የተቀየረ ኢኒዩም። ኤለመንቶቹ ምንም አላደረጉም። ኢኒዩሙ ግን አስቸገረ፦ ጃክስቢ የማያውቀውን የኢኒዩም ቫልዩ እንደ ነል ነው የሚያነበው፣ ያ ፊልድ ደግሞ ግዴታ ስላልሆነ ድንበሩ አላየውም። የሌሊቱ ቴስት ያዘው። ኢኒዩሞቹን በባይንዲንግ ፋይሉ ወደ ስትሪንግ ቀየርኳቸው፣ ትርጉሙን በራሳችን ክላስ እንሰጣለን።

ቀጣይ ሥራ ፒዲኤፍ የሚመልሰው ኦፕሬሽን ነው። አሁን ፋይሉ በቤዝ64 ሆኖ በባይት አሬይ ነው የሚመጣው፣ ሙሉው ሜሞሪ ላይ ይቀመጣል፤ መጠኑም ከዋናው በሲሶ ያህል ይጨምራል። ኤምቶም (ፋይልን በጥሬው አያይዞ የመላኪያ የሶፕ ዘዴ) እንደሚደግፉ ደብሊውኤስዲኤሉ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ በኛ በኩል ከፍቼ ምን እንደሚመልሱ አያለሁ። ከሠራ ፊልዱን ወደ ዳታሃንድለር እቀይረዋለሁ፣ በስትሪም ይነበባል።